ኮሮጆው ለምን ወደ ቤት አይመጣም?

ስለ አካል ጉዳተኛና ስለ ምርጫ ሲነሳ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መግቢያ) ነው። ራምፕ የለም፣ ራምፕ ይሰራ፣ የተሰራውም ዳገት ነው፣ ምናምን። እኔ ራምፕ አልጠላም፣ ባህር ዳር ውስጥ ራምፕ አለው በተባለ ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር ገፍቼ ወገቤን የሚያመኝ ሰው ነኝ፣ ስለሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ግን የወንድሜና የመሰሎቹ ድምፅ የሚጠፋው ራምፕ ጋ አይደለም። ራምፕ ጋ የደረሰማ ተሳክቶለታል። አብዛኛው የሚቀረው እቤቱ ነው፣ ገና ከምርጫው ሳምንታት በፊት፣ የቤቱ ሰው ለምዝገባ ሲወጣ "እሱ ደግሞ ምን ያደርግለታል፣ ለምን እናንገላታዋለን" ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ የሄደ ቀን።

ወንድሜ ከልደቱ ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። እጅና እግሩ አይታዘዙትም፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሲናገር ቃሉ ስለሚጎተት ያልለመደው ሰው አይገባውም፣ ለመብላትም ለመልበስም ለመታጠብም ሰው ያስፈልገዋል። ጭንቅላቱ ግን የኔን ሁለት እጥፍ ነው፣ ይህን የምለው እንዲታዘንለት አይደለም፣ ሬዲዮ ከጆሮው አይለይም፣ የፓርቲዎችን ስም ከነምህፃረ ቃላቸው ይደረድርላችኋል፣ ማን ከማን ተዋሃደ ማን ከማን ተጣላ ሲባል ቤታችን ውስጥ የሚጠየቀው እሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን "እንዴት ነው? ደህና ነው?" ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው፣ እሱ እዚያው ፊቱ ቁጭ ብሎ እያየው። እኔ ደግሞ "ጠይቀዋ፣ አለ እኮ" እላለሁ፣ ሰውየው ይደነግጣል፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደ ደንቆሮ ይጮህበታል። ጆሮው ደህና ነው ወገኔ!

አሁን ባለንበት ሁኔታ ስለ ምርጫ ማውራት ቅንጦት ነው የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ክልላችን ምን ውስጥ እንዳለ አጥቼው አይደለም፣ እዚሁ ነው የምኖረው። ግን "መጀመሪያ ትልቁ ነገር ይስተካከል፣ የአካል ጉዳተኛው ለቀጣዩ ይደርሳል" እየተባለ ስንት ቀጣይ አለፈ፣ እኔ እሱ ነገር ሰልችቶኛል።

ሕጉን ካያችሁት አያሳፍርም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ዕድሜው 18 የሞላ ዜጋ ያለ ልዩነት ይመርጣል ይላል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን ኢትዮጵያ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 አፅድቃለች፣ የስምምነቱ አንቀጽ 29 ስለዚሁ ጉዳይ ነው፣ ድምፅ በሚስጥር ይሰጣል፣ የምርጫው ሂደትና ቁሳቁሱ ተደራሽ ይሆናል፣ ሰውየው ከጠየቀ ደግሞ ራሱ በመረጠው ሰው ታግዞ ይመርጣል ይላል። ራሱ በመረጠው! ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። የራሳችን የምርጫ አዋጅ 1162/2011ም እርዳታ የሚፈልግ መራጭ ረዳት ይዞ መግባት ይችላል ይላል። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ብሏል። ወረቀቱ ሙሉ ነው እንግዲህ።

ወደ ምዝገባው ልምጣ። በ2013 ምዝገባው በአካል ቀርበህ ነበር። ለመመዝገብ ደግሞ መታወቂያ ይጠየቃል። እስቲ ሰፈራችሁ ውስጥ ከቤት የማይወጣ ሰው ካለ ጠይቁ፣ የቀበሌ መታወቂያ አለው? እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ የላቸውም፣ ስማቸው የቤተሰብ ቅፅ ላይ ከነእናታቸው ተጽፎ እዚያው ቀርቷል፣ ጎልማሳ ሆነው ፂም አብቅለው እንኳ ለቀበሌ የእናታቸው ልጅ ናቸው እንጂ ራሳቸው ሰው አይደሉም። የወንድሜን ፋይዳ ለማውጣት የጣት አሻራ የሚሰጥ እጅ እንዴት እንደምንዘረጋ ያየነውን መከራ እኛ እናውቃለን፣ እጁ ሲጨነቅ ይጨበጣል፣ "ዘና በል" ባሉት ቁጥር ይብሳል።

ምዝገባ የሄድን ቀን ባጃጅ በኮንትራት ያዝን። ለማታውቁት፣ ዊልቸር ባጃጅ ውስጥ ከነሰውየው አይገባም፣ ሰውየው ታቅፎ ይገባል፣ ዊልቸሩ ታጥፎ ከኋላ በገመድ ይታሰራል፣ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ አንዱ ብሎን ይወልቃል። መዝጋቢው ልጅ ክፉ አልነበረም፣ እንዲያውም ትሁት ነው፣ ግን የመጀመሪያ ጥያቄው ወደ እኔ ዞሮ "18 ሞልቶታል?" ነበር። ወንድሜ ፂሙን እያሻሸ ሳቀ፣ ቀጥሎ "ይፈርማል?" አለኝ፣ "ጠይቀው" አልኩት፣ ዝም ብሎ ትንሽ ቆየና ወንበሩን ወደ ወንድሜ አዙሮ ጠየቀው። ተግባቡ። ጊዜ ወሰደ እንጂ ተግባቡ። ያ ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የተማረውን ነገር ቀድሞ በስልጠና ላይ አንድ ሰው ቢነግረው ኖሮ ምንም ወጪ የለውም፣ መጀመሪያ መራጩን አናግር፣ ጊዜ ስጠው፣ ካልገባህ "አልገባኝም ድገምልኝ" በል፣ ገባኝ ብለህ አታስመስል። በቃ ይኸው ነው።

ቤት እያለን ደግሞ ተለማመድን። ነጭ ወረቀት ላይ እንደ ድምፅ መስጫው ሳጥን ሳጥን አድርጌ አሰመርኩለት። እንደምታውቁት ወይ የኤክስ ምልክት ታደርጋለህ ወይ በጣት አሻራ ታትማለህ። ብዕር ለእሱ አይሆንም። ጣቱን ቀለም ነክሮ ሲሞክር እጁ ይወራጭና አሻራው ሁለት ሳጥን ላይ ይሰራጫል። ሁለት ሳጥን ላይ ያረፈ ምልክት ማለት ደግሞ የተበላሸ ድምፅ ማለት ነው፣ ስትቆጥረው ማንን እንደመረጠ አይለይም። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተህ ድምፅህ ከተበላሹት መሀል ሲቆጠር አስቡት። ሳጥኑ ትንሽ ሰፋ ቢል፣ በመሀላቸው ክፍተት ቢኖር፣ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነገር ጠረጴዛው ላይ ቢኖር፣ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌዎች ሁሉ ይጠቅም ነበር፣ ለወንድሜ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም። ለማንኛውም ስላልሆነ ረዳት ያስፈልገዋል አልን።

ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰኞ ነበር። ክረምት ገብቷል፣ ጭቃ አለ፣ ሰልፉ ከጠዋት ጀምሮ ረጅም ነው። ለነፍሰ ጡርና ለአረጋዊ ለአካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ሰዉም በዚህ በኩል ጨዋ ነው፣ ገለል ገለል ብለው አሳለፉን። ደረጃው ጋ ስንደርስ ግን ያው የተለመደው መጣ፣ አራት ጎረምሳ ዘሎ "እናንሳው!" ብሎ ዊልቸሩን ከነሰውየው እንደ ጤፍ ጆንያ ብድግ አደረገው። በደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ወንድሜ ግን ያንን ይጠላል፣ ይፈራል፣ ሲፈራ ሰውነቱ ይገተራል፣ ሲገተር ከወንበሩ ይንሸራተታል። አንድ ሰው ቀድሞ "ላንሳህ?" ቢለው ኖሮ "የቀኝ እግሬን ደግፉ" ይላቸው ነበር።

ከዚያ የረዳቱ ጉዳይ መጣ። አስፈፃሚዋ እኔን አይታ "እህቱ ነሽ? በይ አብረሽው ግቢ" አለችኝ። ወንድሜ አንድ ነገር ተናገረ። ማንም አልገባውም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ "ምን አለ?" እያሉ። ያለው "እሷ አይደለችም፣ የባጃጁ ልጅ ነው የሚገባው" ነው። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወንድሜ እንደማይፈልገኝ ራሴው አስረዳሁላቸው ማለት ነው። "እህቱ እያለች?" አለች ሴትየዋ። አዎ፣ እህቱ እያለች። ምክንያቱም እኔና እሱ በፖለቲካ አንስማማም፣ ማታ ማታ ራት ላይ እንጨቃጨቃለን፣ እኔ የምመርጠውን እሱ ያውቃል፣ እሱ የሚመርጠውን እኔ እንዳላውቅበት ፈለገ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም፣ ስንት ዓመት አጉርሼው። ከዚያ ሳስበው ግን እኔስ ብሆን ወረቀቴን ስሞላ እሱ አንገቴ ላይ ሆኖ እንዲያይ እፈቅዳለሁ እንዴ? የባጃጁ ልጅ ገባ፣ መጋረጃው ጀርባ ተንሾካሸኩ፣ የተወካዮች ምክር ቤቱንም የክልል ምክር ቤቱንም ወረቀት አጥፈው ይዘው ወጡ፣ እስከ ዛሬ ማንን እንደመረጠ አላውቅም፣ የባጃጁ ልጅም ቡና እየጋበዝኩት እንኳ አልነግርም ብሏል።

እዚህ ጋ ነው ሕጉ ያላት "ራሱ የመረጠው ሰው" የምትለዋ ነገር ትልቅ የምትሆነው። እኛ አገር ሰው የሚመስለው እርዳታ ካገኘ በቃ ነው። እርዳታው ከማን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጅ እናቱን ይዞ ይገባና እሱ የፈለገውን መርጦላት ይወጣል፣ እሷም "ልጄ ያውቅልኛል" ትላለች፣ ማንም ክፋት አላየበትም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ረዳት ልሁንልህ ብሎ የሚመጣው የቀበሌ ወይ የፓርቲ ሰው ሲሆን ነው። ከቀበሌ ድጋፍ የሚያገኝ፣ ዊልቸሩን በቀበሌ በኩል ያገኘ፣ የቤት ኪራዩ በቀበሌ እጅ ያለ ሰው ያንን ሰው "አንተን አልፈልግም" ማለት ይችላል? አይችልም። ድጋፍ በፈለግህ ቁጥር እምቢ የምትለው ሰው ያንሳል፣ ይሄ እውነት ነው። ስለዚህ አስፈፃሚዎች ረዳቱን ከመጋረጃው ጀርባ ከማስገባታቸው በፊት ሰውየውን ብቻውን "ይሄን ሰው አንተ ነህ የመረጥከው?" ብለው ቢጠይቁት፣ በጭንቅላቱ እንኳ አዎ ወይ አይ ቢላቸው፣ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ዓይነ ስውራን ስናወራ ደግሞ ሁሉም ሰው ብሬል ይላል። ብሬል ይምጣ፣ አልቃወምም፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ከሚማሩት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች መካከል ብሬል እንደ ውሃ የሚያነቡ አሉ። ግን ትራኮማ በአገራችን በጣም የበረታው እኛ አማራ ክልል ነው፣ በትራኮማ ዓይናቸው የጠፋ እናቶቻችን ፊደል በዓይናቸውም አላዩ፣ በጣታቸው ከየት ያነቡታል። ለነሱ የሚሆነው በእጅ የሚዳሰስ ማቀፊያና አጠገባቸው ሆኖ ቅደም ተከተሉን የሚነግራቸው ሰው ነው። ደቡብ አፍሪካዎች እንዲህ ዓይነት አላቸው፣ ወረቀቱ ፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ ይገባል፣ በየሳጥኑ ትክክል ቀዳዳ አለው፣ አጠገቡ ቁጥሩ በብሬልም በትልቅ ጽሑፍም አለ፣ አንድ ሰው ዝርዝሩን ያነብልሃል፣ አንተ ቁጥሩን በሆድህ ይዘህ ብቻህን ታደርጋለህ። ማቀፊያው ብቻውን ግን አይበቃም፣ እንግሊዞች ማቀፊያ ሰጥተናል ብለው ስንት ዓመት ከተቀመጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤት ቀዳዳውን አሳይቶ ቀዳዳው የየትኛው ዕጩ እንደሆነ የማይናገር ነገር በምርጫ ላይ ማፌዝ ነው ብሎባቸዋል። እኛ ጋ ደግሞ የዕጩዎቹ ቅደም ተከተል ከምርጫ ክልል ምርጫ ክልል ስለሚለያይ አንድ ዝርዝር ለሁሉም አይሆንም፣ በየቦታው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

አንድ ነገር ግን እኛ ቀድመናል፣ ማንም ልብ አይለውም እንጂ። የምርጫ ምልክት! ፓርቲው ሁሉ ምልክት አለው፣ ንቧን ማን ያጣታል፣ የ97ቱን ሁለት ጣት ማን ይረሳል። ምልክት የመጣው ለምንድን ነው፣ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንዲመርጥ ነው። ያኔ ማንም ተነስቶ "ማንበብ የማይችል ሰው ምን ምርጫ አለው" አላለም፣ ልዩ እንክብካቤ ነው ብሎም የተመፃደቀ የለም፣ ወረቀቱ ለሰዉ እንዲሆን ተደረገ፣ አለቀ። የጎረቤቴ ልጅ ዳውን ሲንድሮም አለባት፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ምልክት፣ የባንክ ምልክት፣ የስልክ መተግበሪያ ሁሉ በምስሉ ትለያለች፣ እናቷ ግን ትምረጥ ሲባል ትስቃለች። እኔ የማይገባኝ እዚህ ላይ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ሲመጣ "ገብቶታል ወይ?" ብለን ፈተና ልንፈትነው ይቃጣናል፣ ከፊቱ የተሰለፈውን፣ ትናንት ማታ አረቄ ጠጥቶ ያደረውን ሰውዬ "ለምን እንደምትመርጥ አስረዳ" ያለው የለም። በዚህ ነገር ያደጉት አገሮችም ንፁህ አይደሉም፣ አውስትራሊያ ሕጓ ላይ "አእምሮው ጤናማ ያልሆነ" የሚል አሮጌ ሐረግ አስቀምጣ ሰው ከመራጮች መዝገብ የምታስወጣበት መንገድ አላት። የአካል ጉዳተኞች ስምምነቱን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በግልፅ ተናግሯል፣ ሰው የመወሰን ችሎታው አነሰ ተብሎ የመምረጥ መብቱ አይነጠቅም።

አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ። እስካሁን ያወራሁት እንደምንም ምርጫ ጣቢያ ስለደረሰ ሰው ነው። ያልደረሰውስ? ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ ያለ፣ በሁለት ሰዓት አንዴ መገላበጥ ያለበት፣ ሽንቱ በቱቦ የሚወርድ፣ ጎጃም ገጠር ውስጥ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ ኖሮ እግሩ አብጦ ጫማ እንቢ ያለው ሰውስ? ምርጫ ጣቢያ ሦስት አራት ሰዓት ቢሰለፍ ሽንት ቤቱ የት ነው? (ሽንት ቤት አላችሁ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄያለሁ፣ ጓሮውን አሳዩኝ።) እንዲህ ያለ ሰው ቅድሚያ ቢሰጠው ባይሰጠው ለውጥ የለውም፣ አይመጣማ።

ኮሮጆው ወደ ሰው መሄድ አይችልም እንዳትሉኝ። በ2013 ለወታደሩ ካምፑ ድረስ፣ ለተፈናቃዩ መጠለያው ድረስ ልዩ ምርጫ ጣቢያ ተዘጋጅቷል፣ ተማሪም ታስቦለታል። የምርጫ ቁሳቁስ ከዚህ ከባህር ዳር በጀልባ ጣናን ተሻግሮ ደቅ ደሴት ለሚኖረው ሕዝብ ይደርሳል። ሐይቅ የሚሻገር ኮሮጆ እዚሁ ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ሁለት ጊቢ አልፎ አልጋ አጠገብ መድረስ እንዴት ያቅተዋል? አባይ ላይ ያን የሚያህል ድልድይ ገንብተን በግንቦት 2016 አስመርቀናል እኮ፣ ማሰብ ከተፈለገ ይታሰባል።

ሌሎቹ ያደርጉታል። ሕንድ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫ ዕድሜው 85 እና ከዚያ በላይ ለሆነና 40 በመቶና በላይ ጉዳት ላለበት መራጭ ቤቱ ሄዳ ድምፁን ተቀብላለች፣ ሰውየው ቀድሞ ቅፅ ይሞላል፣ ቡድኑ ቀን ቆርጦ ይመጣል። ደቡብ አፍሪካም ከቤት መውጣት የማይችል ሰው ቀድሞ ካመለከተ ከዋናው ቀን በፊት ቤቱ ይመጡለታል። አውስትራሊያ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ቡድን ወደ ሆስፒታልና ወደ አረጋውያን ማረፊያ ትልካለች፣ በፖስታም ይመረጣል፣ ለዓይነ ስውራን ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ በስልክ ነው። የስልኩን አሰራር ወድጄዋለሁ፣ መጀመሪያ ደውለህ ትመዘገብና ቁጥር ይሰጥሃል፣ ሌላ ጊዜ ደውለህ ስምህን ሳትናገር በቁጥር ትመርጣለህ፣ አንዱ ሠራተኛ ወረቀቱን ይሞላል ሌላው ያልከውን በትክክል መሙላቱን ያያል። የኛን ኔትወርክ የምታውቁ አትሳቁ። ስልኩን እኔም አልጠይቅም፣ ሐሳቡን ግን ውሰዱት፣ የረዳው ሰው ማን እንደሆንክ አያውቅም፣ የረዳህን ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ያየዋል።

"ኮሮጆ ቤት ለቤት ከዞረማ አለቀልን" የሚለውን ተቃውሞ ከአሁኑ ይሰማኛል፣ ደግሞ ትክክል ነው፣ ኮሮጆ ግልበጣ የሚባል ቃል ያለው ሕዝብ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ሕንዶቹ ለዚህ ብለው ሁለት አስፈፃሚ አብረው ይልካሉ፣ ፖሊስ አለ፣ ቪዲዮ ይቀረፃል፣ የሚሄዱበት ቤት ዝርዝርና ሰዓቱ ለዕጩዎች ቀድሞ ይነገራቸዋል፣ ወኪላቸው የፈለገ አብሮ ይሄዳል። እኔ በበኩሌ ዛሬውኑ ኮሮጆውን አውጡ አልልም። መዝገቡን አውጡ ነው የምለው። የምዝገባው ቡድን መጀመሪያ ቤት ለቤት ይሂድ፣ ምዝገባ ድምፅ አይደለም፣ የሚሰረቅ ነገሩ ትንሽ ነው፣ ግን ሰውየው ስሙ መዝገብ ላይ ካረፈ ስንት እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ይታወቃል፣ ስንት እንዳለ ካልታወቀ ለማን ራምፕ ይሰራል፣ ለማን ቡድን ይላካል። የት እንዳሉ ደግሞ የሚያውቅ አለ፣ የሰፈሩ ጤና ኤክስቴንሽን ታውቃለች፣ እድሩ ያውቃል፣ እድር የማያውቀው ቤት የለም። ብቻ የእድር ዳኛው በሰው ፊት ዝርዝር እንዳያነብ፣ የሰው ጓዳ ነው።

ምንም በጀት የማይጠይቀው ደግሞ ይሄ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሰው ጣቢያው በር ድረስ በመኪና መጥቶ መግባት ካልቻለ አስፈፃሚው ወረቀቱን ይዞ ወደ መኪናው ይወጣል። እኛ መኪና የለንም፣ ባጃጅ አለን። ወረቀቱ ወደ ባጃጁ ይውጣ! ሸራው ሲወርድ ከመጋረጃ የተሻለ ሚስጥር ነው፣ ታዛቢው ከውጭ ቆሞ ይይ፣ ታጥፎ ሲወጣ ኮሮጆ ውስጥ ይገባል።

መስማት ስለተሳናቸው ብዙ አላወራሁም፣ እነሱ ደረጃ አይከለክላቸውም፣ የሚከለክላቸው ከምርጫው በፊት ያለው ነው፣ ክርክሩ፣ የመራጮች ትምህርቱ። የምልክት ቋንቋ ያለው ክርክር ካላዩ መጋረጃው ጀርባ ሲገቡ ማንን ብለው ይመርጣሉ። ይሄ ግን የሚያውቀው ሰው ቢጽፈው ይሻላል።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ከአሁኑ ጀምሩ፣ የምዝገባ ማስታወቂያ እስኪሰማ አትጠብቁ። መጀመሪያ እሱን ጠይቁት፣ መምረጥ ትፈልጋለህ ወይ በሉት፣ አልፈልግም ካለም መብቱ ነው፣ ሰልፉን የሚጠላ ጤነኛም ሞልቷል። መታወቂያውን ጨርሱ፣ ፎቶው፣ አሻራው ጊዜ ይወስዳል፣ ጠዋት እጁ ዘና ሲል ውሰዱት። ማን እንዲያግዘው እንደሚፈልግ ጠይቁት፣ እናንተን ካላለ አትከፉ፣ ያለውን ሰው ከወዲሁ ነግራችሁ ቀጠሮ አስይዙ። ወረቀት አስምራችሁ አለማምዱት። ከዚያ ጣቢያው የት እንደሆነ ሲታወቅ አንዱ ቀድሞ ሄዶ ይየው፣ ደረጃ ካለው አስፈፃሚዎቹን ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ ታወጡልናላችሁ ወይ ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፣ ሽንት ቤቱንም እዩ። በምርጫው ቀን ጣቢያው ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል፣ እናንተ 11 ተኩል ላይ ባጃጅ ያዙ፣ ገመድ እንዳትረሱ።